የብረት ድስትን ለድኻ ቤት ያበቃው አብርሃም ዳርቢ

አዲስ ቤት የሚያቆም ወጣት፥ ከትምህርት ቤት ወጥቶ የመጀመሪያ ደመወዙን የሚቀበል ጸሐፊ፥ ወይም ከጓደኛው ጋር አንዲት ክፍል የተከራየ ተማሪ፥ ከሚገዛቸው ዕቃዎች ሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ድስት ነው። አልጋው ቢዘገይ በሰሌን ላይ ይተኛል፤ ወንበሩ ቢዘገይ በሣጥን ላይ ይቀመጣል፤ ድስት ከሌለ ግን ቤቱ ቤት አይባልም። ይሁን እንጂ ይህን ያህል የሚያስፈልገውን ዕቃ ለመግዛት ወደ ሱቅ በሄድን ጊዜ አብዛኞቻችን የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ዋጋው ነው። ርካሹንና ስሱን ገዝተን እንመለሳለን። ጥቂት ወራት እንደ ቆየ ታቹ ይጎብጣል፥ ሽንኵርቱም ባንድ ወገን ሲያር በሌላው ወገን ጥሬውን ይቀራል፤ ስለዚህም ሌላ እንገዛለን። እንዲህ እየተለዋወጠ ያወጣነው ገንዘብ ቢደመር፥ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል አንድ ደኅና ድስት በገዛ ነበር።

በልማድ ብረት ድስት ስንል ሸክላ ያልሆነውን ሁሉ፥ አሉሚኒየሙንም ጭምር፥ ማለታችን ነው። ዛሬ የምንናገርለት ግን እውነተኛው የብረት ድስት፥ ይኸውም ብረቱ በምድጃ ቀልጦ፥ እንደ ውሃ ፈስሶ፥ በቅርጽ ውስጥ የረጋው ወፍራሙና ከባዱ ነው። ይህን ዕቃ ለይቶ ለመግዛት የሚረዳን ሻጩ የሚነግረን ወሬ ሳይሆን፥ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ደግሞ ይህን ድስት ለድኻው ቤት ያበቃውን ሰው የአብርሃም ዳርቢን ሕይወት ከመከተል የተሻለ መንገድ አላገኘንም። ከዚህ ቀጥሎ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

አብርሃም ዳርቢ በ1678 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር ደድሊ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ጆን ዳርቢ መሬት እያረሰ በጎን ደግሞ ቁልፍ የሚሠራ ሰው ነበር። በዚያ አካባቢ የድንጋይ ከሰልና የብረት ማዕድን ከአንድ መሬት ይቈፈር ስለ ነበረ፥ ምስማርና ቁልፍ የሚሠሩ ሰዎች በየመንደሩ ይገኙ ነበር። ሕፃኑም የመዶሻ ድምፅ እየሰማ፥ የጋለ ብረት እያየ አደገ።

ቤተሰቡ ኩዌከር የተባለው የሃይማኖት ማኅበር አባል ነበር። እነዚህ ሰዎች ጦርነትን የማይወዱ፥ መሐላን የማይምሉ፥ በአለባበስና በአነጋገር ቀላልነትን የሚመርጡ ናቸው። የአገሩን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ባለመከተላቸውም በዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲና የመንግሥት ሹመት በር ተዘግቶባቸው ነበር። ስለዚህ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ወደ ንግድና ወደ እጅ ሥራ ገቡ። በንግዳቸውም በገበያው ዘንድ የታወቁበት አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ለዕቃው አንድ ቁርጥ ዋጋ ይናገራሉ፥ ያንኑም ዋጋ ለሕፃን ቢሆን ለሽማግሌ አይለውጡም። ወጣቱ ዳርቢ ያደገው በዚህ ዓይነት ሥርዓት ነው።

ዕድሜው ለሥራ ሲደርስ ወደ ቢርሚንግሃም ከተማ ተልኮ፥ የዚያው ማኅበር አባል ከሆነ ጆናታን ፍሪዝ ከሚባል ባለሙያ ዘንድ ሙያ ለመማር ገባ። ጌታው የሚሠራው የብቅል መፍጫ ወፍጮ ነበር። የአገራችን ሰው ብቅል ሲባል ጠላው ትዝ እንደሚለው ሁሉ፥ በእንግሊዝ አገርም ብቅል ለቢራ የሚያስፈልግ ስለ ሆነ ወፍጮው ብዙ ፈላጊ ነበረው። ዳርቢ በዚህ ቤት ናስ ማቅለጥንና በቅርጽ ማፍሰስን ተማረ። ሌላም ነገር ለማየት ምክንያት አገኘ። ብቅል በድንጋይ ከሰል እሳት የደረቀ እንደ ሆነ የከሰሉ ጢስና ሽታ ገብቶበት ቢራውን ያበላሸዋል። ስለዚህ አድራቂዎቹ የድንጋይ ከሰሉን አስቀድመው እንደ እንጨት ከሰል አፍነው ያከስሉታል፤ ጢሱና ሽታው ይወጣለትና ኮክ የተባለው ንጹሕ ከሰል ይቀራል። ይህ ትንሽ የጠማቂዎች ጥበብ ከብዙ ዓመት በኋላ በዳርቢ እጅ ታላቅ ሥራ እንደ ሠራ ወደ ፊት እናያለን።

በ1699 ትምህርቱን ጨርሶ ሜሪ ሰርጀንት የምትባለውን ልጅ አገባና ወደ ብሪስቶል ወደብ ሄዶ የራሱን የወፍጮ ሥራ ከፈተ። በ1702ም ከኩዌከር ወንድሞቹ ጋር ሆኖ በብሪስቶል የናስ ፋብሪካ አቋቋመ። የናስ ሥራ ደኅና ትርፍ ነበረው። ነገር ግን የትርፉ ምንጭ ሁሉ የሚያስመሰግን እንዳልነበረ መሸሸግ አይገባንም። ብሪስቶል በዚያ ዘመን የባሪያ ንግድ ወደብ ነበረችና፥ ከከተማዪቱ ፋብሪካዎች የሚወጣው የናስ ሳሕንና ድስት በመርከብ እየተጫነ በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ በሰው ይለወጥ ነበር። ሰውን የሚያገለግል ዕቃ ሰውን መሸጫም ሊሆን እንደሚችል፥ የዚያች ከተማ ታሪክ ለእኛ ለአፍሪካውያን ምስክር ነው።

በዚያ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ሀብታሙ የሚያበስለው በናስ ድስት ነበር። ናስ ይቀጠቀጣል፥ ይፈስሳል፥ ያምራልም፤ ነገር ግን ዋጋው ውድ ነው። የናስ ድስት ያለው ሰው ሲሞት በኑዛዜው ለልጁ ያወርሰዋል እንጂ እንደ ተራ ዕቃ አይቈጥረውም ነበር። ከብረት የተፈሰሰ ድስትም ቢሆን አልታጣም፤ ግን በጭቃ ቅርጽ ውስጥ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደከመበት ይሠራ ስለ ነበረ ወፍራም፥ ከባድና ጥቂት ነበር። ዳርቢም ብረት ከናስ ይልቅ በጣም ርካሽ መሆኑን እያየ፥ ናሱን በምናፈስበት ዓይነት ጥበብ ብረቱን በስሱ አፍስሰን ድስት ብናደርገው ድኻውም ሊገዛን ይችላል ብሎ አሰበ። ከሥራው ሁሉ በፊት የቀደመው ይህ የገዢውን አቅም የመመልከት ሐሳብ ነው።

ነገሩ ለማሰብ እንጂ ለመሥራት ቀላል አልነበረም። ናስ በ900 ዲግሪ ገደማ ሲቀልጥ፥ ለማፍሰስ የሚሆነው ብረት እስከ 1200 ዲግሪ የሚደርስ ትኩሳት ይፈልጋል። በአገራችንም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በጋፋት መድፍ ለማፍሰስ የተደረገውን ድካም ታሪኩን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል፤ የፈሰሰውም ነሐስ እንጂ ብረት አልነበረም። ከዚህም በላይ ድስት ሆዱ ሰፊ፥ አፉ ጠበብ ያለ ዕቃ ነው። ውጭውን የሚይዝ አንድ ቅርጽ፥ ውስጡን ባዶ የሚያደርግ ሌላ ቅርጽ ያስፈልገዋል፤ ብረቱም በሁለቱ መካከል ባለው ጠባብ ክፍት ውስጥ ሳይረጋ ዙሪያውን መሙላት አለበት። ውስጠኛው ቅርጽ ጥቂት ወደ ጎን ያዘነበለ እንደ ሆነ ድስቱ ባንድ ወገን ወፍራም በሌላው ወገን ስስ ይሆናል። አሸዋው እርጥበት የበዛበት እንደ ሆነ እንፋሎቱ ብረቱን አረፋ አረፋ ያደርገውና ቀዳዳ ይተውበታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረታችን ለብረት አቅላጭ የተነገረ ይመስላል።

ዳርቢ በ1704 ገደማ ወደ ሆላንድ ተሻግሮ የዚያን አገር የናስ ሠራተኞች ጥበብ ተመለከተ፤ አንዳንዶቹንም ቀጥሮ ወደ ብሪስቶል አመጣ። በእነሱ እጅ ብረቱን በአሸዋ ቅርጽ ለማፍሰስ ሞከረ። ግን አልሆነም፤ ብረቱ ሳይሞላ እየረጋ፥ እየተሰነጠቀም አስቸገረ። ከቤተሰቡ ወገን በቃል ሲወርድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው፥ ጆን ቶማስ የሚባል ከዌልስ የመጣ አንድ ወጣት ሠራተኛ ባዕዳኑ ሲሠሩ ቆሞ ይመለከት ኖሮ፥ ስሕተታቸው የቱ ላይ እንደ ሆነ ገብቶኛልና እኔ ልሞክረው ብሎ ጌታውን ለመነው። ሁለቱም በሌሊት በራቸውን ዘግተው፥ የቁልፉን ቀዳዳ ሳይቀር ደፍነው ሞከሩት፤ ድስቱም ሆነላቸው። ወጣቱ ምስጢሩን እንዲጠብቅና ከጌታው ጋር እንዲቈይ ውል ገባ፤ ሌሎች ከፍ ባለ ደመወዝ ቢያባብሉትም ቃሉን አላፈረሰም ይባላል። የታሪኩ ጌጥ ከጊዜ ብዛት የተጨመረበት ቢሆን እንኳ፥ ታላቁ ፈጠራ በአንድ ሰው ራስ ብቻ ሳይሆን ልብ ብሎ በሚመለከት ወጣት ሠራተኛ ዓይንም የተገኘ መሆኑን ያስተምረናል።

በ1707 ዓ. ም. ዳርቢ ሆደ ሰፊ የብረት ድስትን ያለ ጭቃ በአሸዋ ብቻ የማፍሰስ ብቸኛ መብት ለ14 ዓመት ከመንግሥት ተሰጠው። በጭቃ የሚሠራው ቅርጽ ለአንድ ድስት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚሰበር ነበር። በአሸዋ ግን አንዱን የድስት አምሳያ በአሸዋው ውስጥ እየቀበሩ፥ እያወጡ፥ ቅርጹን ደጋግሞ ማተም ይቻላል፤ አሸዋውም ተመልሶ ይሠራበታል። ስለዚህ ድስቱ ስስ፥ ቀላልና እርስ በርሱ ተመሳሳይ ሆነ፤ ዋጋውም ወረደ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ለገዢው የሚጠቅመውን ትምህርት እንውሰድ። ዛሬም የብረት ድስትና የብረት መጥበሻ የሚፈስሰው በአሸዋ ቅርጽ ነው፤ ስለዚህ ዳርቢን ያስቸገሩት ጉድለቶች ዛሬም ገዢውን የሚያሞኙ ጉድለቶች ናቸው። በሱቅ ውስጥ ድስቱን አንሥተን መጀመሪያ ከንፈሩን ዙሪያውን እንመልከት፤ ውፍረቱ ባንድ ወገን ከሌላው የተለየ እንደ ሆነ ውስጠኛው ቅርጽ ዘንብሎ ነበር ማለት ነው፥ እሳቱንም እኩል አያዳርስም። ቀጥሎ ጣታችንን በውስጡ እናሽከርክር። የአሸዋው ሻካራነት ጥቂት ቢሰማ ነውር አይደለም፤ ቀዳዳና ጕድጓድ ካለው ግን እንፋሎት የበላው ነውና መተው ይሻላል። ሁለቱ የቅርጽ ወገኖች የተጋጠሙበት መስመር ሹል ሆኖ እጅ የሚቈርጥ ከሆነም አጨራረሱ የችኮላ ነው። እጀታው ከድስቱ ጋር አንድ ሆኖ የፈሰሰውን እንምረጥ፤ በብሎን የተያያዘው ከጊዜ በኋላ ይላላል።

ወደ ዳርቢ እንመለስ። የብሪስቶል ሸሪኮቹ ገንዘባቸውን ወደዚህ ወደ አዲሱ ሥራ ለማግባት አልፈቀዱም። እሱም ሐሳቡን ከመተው ሸሪኮቹን መተው መረጠ። በ1708 በሽሮፕሺር አውራጃ በኮልብሩክዴል ሸለቆ ውስጥ ፈርሶ የቈየ አንድ አሮጌ የብረት ማቅለጫ ምድጃ ተከራየ። ቦታው በማስተዋል የተመረጠ ነበር። የብረት ማዕድኑም፥ የድንጋይ ከሰሉም፥ የኖራ ድንጋዩም በቅርብ ይገኛል፤ ወናፉን የሚነፋውን መንኰራኵር የሚያዞር ወንዝ በሸለቆው ይወርዳል፤ ከበታቹም ዕቃውን በጀልባ እስከ ብሪስቶል የሚያደርሰው ታላቁ የሴቨርን ወንዝ አለ።

የቀረው ችግር ማገዶው ነበር። እስከዚያ ድረስ ብረት የሚቀልጠው በእንጨት ከሰል ነው፤ ከሰሉም ለማገዶ ተብሎ ከሚጠበቅ ዱር በየጊዜው እየተቈረጠ ስለሚመጣ እንደ ልብ የማይገኝና ውድ ነበር። በድንጋይ ከሰል ለማቅለጥ የሞከሩ ሰዎች ከዳርቢ በፊትም ነበሩ፤ በከሰሉ ውስጥ ያለው ድኝ ወደ ብረቱ እየገባ እንዲሰባበር ስላደረገው ሥራው ሳይጸና ቀረ። ዳርቢ ግን በብቅል አድራቂዎች ዘንድ የታወቀውን ነገር ወደ ብረት ምድጃ አመጣው። የኮልብሩክዴል ከሰል ድኙ ጥቂት ነበር፤ እሱም አስቀድሞ አክስሎ ኮክ አደረገው። በጥር ወር 1709 ዓ. ም. ምድጃው ተለኰሰ፤ ብረቱም በኮክ ቀልጦ ፈሰሰ። ከዚያ ቀን በኋላ የዓለም የብረት ሥራ ሁሉ መንገዱን ሊለውጥ ጀመረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሚያስደንቀው ነገር፥ ይህ አዲስ ብረት በመጀመሪያ ቀጥቃጮቹን አላስደሰተም። ለመቀጥቀጥ አይመችም፥ ይሰባበራል ብለው ተዉት። ለዳርቢ ግን ጉድለቱ ራሱ ጥቅም ሆነለት፤ በኮክ የቀለጠው ብረት ሲሊኮን የተባለው ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ሲፈስ ቀጭንና ፈጣን ነው፤ በጠባቡ የድስት ቅርጽ ውስጥም ሳይረጋ ይሞላል። ቀጥቃጭ የናቀው ብረት ለድስት ተስማማ። በዚያው ጊዜ እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር በጦርነት ላይ ነበረችና መድፍና ጥይት ለሚያፈስ ሰው ገበያው የሰፋ ነበር፤ የዳርቢ ምድጃ ዋና ሥራ ግን ድስትና ማንቆርቆሪያ የመሳሰለው የቤት ዕቃ ሆነ።

ከዚህም ገዢው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ለማፍሰስ የሚሆነው ብረት በውስጡ ከመቶ ከ2 እስከ 4 እጅ ካርቦን ስላለበት ቶሎ ይቀልጣል፥ ጠንካራም ነው፤ ነገር ግን አይታጠፍም፥ ከወደቀ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አሮጌ ድስት ከገበያ ስንገዛ ዝገት አያስፈራን፤ ዝገት ተፍቆ ይለቃል። የሚያስፈራው ስንጥቅ ነው። ድስቱን በአንድ እጅ አንጠልጥለን በእንጨት ማንኪያ መታ እናድርገው፤ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ከጮኸ ደኅና ነው፥ ድምፁ ከታፈነ ግን የተሰወረ ስንጥቅ ሳይኖረው አይቀርም። ቀጥሎ በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን የሚወዛወዝ እንደ ሆነ እንይ። እርሳስ የቀለጠበት አሮጌ ድስትም አንዳንድ ጊዜ ስለሚገኝ፥ ለምን ሥራ እንደ ዋለ የማይታወቀውን ለምግብ አለመግዛት ይሻላል።

የዳርቢ ድስት በሴቨርን ወንዝ ወደ ታች፥ በጋማ ከብትና በጋሪም ወደ ዌልስ ድንበርና ወደ አካባቢው ገበያዎች ይሄድ ጀመር። የዘመኑ ድስት ሦስት እግር ነበረው፤ ምክንያቱም የድኻው ቤት ወለል አፈር፥ ምድጃውም በመሬት ላይ የሚነድ እሳት ነው፤ ሦስት እግር ደግሞ በወጣ ገባ መሬት ላይ አይወዛወዝም። እኛ ከጥንት ጀምሮ ሦስት ጉልቻ የምንጐልተው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የዳርቢ ድስት ጉልቻውን ከራሱ ጋር ይዞ የሚዞር ድስት ነበር ማለት ነው። ዛሬ በኤሌክትሪክ ወይም በጋዝ ምድጃ የሚያበስል ሰው ግን ባለ እግሩን ሳይሆን ታቹ ለጥ ያለውን መምረጥ አለበት። ባለ እግሩ ገጠር ለሚኖር ወይም በማገዶ ለሚያበስል ሰው ነው። ማንም ሰው ዕቃ ሲገዛ አስቀድሞ እሳቱን ያስብ፤ ይህ የመጀመሪያው ደንብ ነው።

ሁለተኛው ደንብ መጠኑ ነው። የዳርቢ ድስቶች ለትንሹም ለትልቁም ቤተሰብ እንዲሆኑ በልዩ ልዩ መጠን ይሠሩ ነበር። ለሁለት ሰው ሦስት ሊትር የሚይዝ፥ ለአምስት ሰው አምስት ወይም ስድስት ሊትር የሚይዝ ይበቃል። አምስት ሊትር የሚይዝ የብረት ድስት ከነክዳኑ ባዶውን አምስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ወጥ ሲሞላ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትልቅ በመግዛት መኵራት ከንቱ ነው፤ እናታችን ወይም ባለቤታችን በሁለት እጅ አንሥታ ከእሳት ልታወርደው የማትችለው ድስት በቤት ውስጥ የተቀመጠ ድንጋይ ነው። ክዳኑንም ገጥመን እንሞክረው፤ ዙሪያውን ተጋጥሞ ከተቀመጠ እንፋሎቱን ይይዛል።

ሦስተኛው ደንብ የብረቱን ጠባይ ማወቅ ነው። ብረት ከአሉሚኒየም ይልቅ ትኩሳትን በዝግታ ያስተላልፋል፤ ግን ከባድ ስለ ሆነ አንዴ ከጋለ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ለወጥ፥ ለጥብስና ለቍሌት ይስማማል፤ ቶሎ ፈልቶ ቶሎ እንዲወርድ ለምንፈልገው ነገር ግን አይመችም። በመጠነኛ እሳት ቀስ እያለ ይሙቅ፤ የጋለውንም ቀዝቃዛ ውሃ አናፍስበት፥ ይሰነጠቃልና።

አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ እንደማይጋገርበት የቤት እመቤቶቻችን ሁሉ ያውቃሉ። የብረት ድስትም እንዲሁ መሟሸት ይፈልጋል። ድስቱን አጥበን በእሳት ላይ እናድርቀው፤ የኑግ ወይም የተልባ ዘይት በጣም በስሱ ቀብተን፥ ዘይቱ የሌለ እስኪመስል ድረስ በጨርቅ እንወልውለው፤ ከዚያም ጢሱ እስኪያልቅ ድረስ እናግለው። ይህን ሦስት አራት ጊዜ ብንደጋግመው ዘይቱ ወደ ጥቁር ልባስ ተለውጦ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል፤ ምግብ እንዳይይዝ፥ ብረቱም እንዳይዝግ ያደርጋል። ልባሱ ሳይጠነክር ቲማቲምና ሎሚ የበዛበትን ወጥ ለረጅም ሰዓት አናብስልበት፤ ኮምጣጣው ልባሱን ይፍቀዋል፥ ወጡንም ብረት ብረት ያሰኘዋል። ኮምጣጣ የሚያዘወትር ቤት በመስታወት መሰል ቀለም የተለበጠውን ይግዛ፤ ግን ውስጡ ጥቂትም ቢሆን የተላጠውን አይውሰድ። ከታጠበ በኋላ በውሃ ውስጥ ማሳደር አይገባም፤ በእሳት ደርቆ ጥቂት ዘይት ይቀባ።

የዳርቢ መጨረሻ እንደ ሥራው ታላቅነት አልሆነም። በ1715 ሁለተኛ ምድጃ ጨመረ፤ ለሥራው ማስፋፊያ ግን ከብሪስቶሉ ነጋዴ ከቶማስ ጎልድኒ ብዙ ገንዘብ ተበድሮ ነበር። ለራሱም በምድጃው አጠገብ ቤት ያሠራ ጀመር። ነገር ግን ታመመና፥ ቤቱ ሳያልቅ፥ ኑዛዜም ሳይጽፍ፥ አርባ ዓመት ሳይሞላው በ1717 ሞተ። ባለቤቱ ሜሪም ብዙ ሳትቈይ ተከተለችው። ልጆቹ ሕፃናት፥ ዕዳው ከባድ ስለ ነበረ ፋብሪካው በባለ ዕዳውና በአማቹ በሪቻርድ ፎርድ እጅ ገባ። ያን ሁሉ ደክሞ ለልጆቹ የተወው ሀብት ሳይሆን ሥራ ነበር።

ሥራው ግን አልሞተም። ከ1720ዎቹ ጀምሮ የእንፋሎት መኪና የሚሠራበት ትልቅ የብረት በርሜል በዚያው በኮልብሩክዴል ይፈስ ጀመር፤ ድስት ማፍሰስን የለመደ እጅ የመኪናውን ሆድ ለማፍሰስ አልተቸገረም። አባቱ ሲሞት ሕፃን የነበረው ሁለተኛው አብርሃም ዳርቢ አድጎ፥ በኮክ የቀለጠው ብረት ለቀጥቃጮችም እንዲሆን አደረገ። የልጅ ልጁ ሦስተኛው አብርሃም ዳርቢ ደግሞ በ1779 በሴቨርን ወንዝ ላይ 30 ሜትር የሚያህል ስፋት ያለው የብረት ድልድይ አቆመ፤ በዓለም ላይ ከብረት የተሠራ የመጀመሪያው ታላቅ ድልድይ ነው። ድልድዩም ዛሬ ድረስ በቦታው ቆሟል፤ አሮጌው ምድጃም ተጠብቆ ይታያል። ስፍራው በ1986 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ እውነት ነው፥ ድስትም ብቻውን ወጥ አያጣፍጥም። ግን ይህን ተረት ስንፈተው፥ በየዓመቱ ድስት የሚለዋውጠውን ሰው የሚነቅፍ ሆኖ እናገኘዋለን። ዳርቢ ድስቱን ያሰበው በገበያ ቆሞ ገንዘቡን እየቈጠረ ለሚያመነታው ሰው ነው። አፍስሶ፥ ከስሮ፥ እንደገና አፍስሶ ለዚያ ሰው አቅም የሚስማማ፥ ከዕድሜውም የሚተርፍ ዕቃ ሰጠው። እኛም ገዢዎች ሆነን በሱቅ ፊት በቆምን ጊዜ ዋጋውን ከመጠየቃችን በፊት እንዴት እንደ ተሠራና ስንት ዘመን እንደሚያገለግል ብንመረምር፥ የሠሪውን ድካም ማክበራችን ነው። ወጣቱ ጸሐፊ ዛሬ አስተውሎ የሚገዛት አንዲት ድስት፥ በደንብ የተሟሸችና የተያዘች እንደ ሆነ፥ የልጁ ሠርግ ወጥ ይሠራባታል።